ትከሻው አልወለቀም፤ ያመመው ተረከዙን ነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሱሉልታ ነው። ፈረሴ ዳማ፣ የተኮላሸ፣ የ9 ዓመት ነው። ሰጋር ስለሆነ ለረጅም መንገድ ነው የያዝኩት፤ በየእሑዱ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር እሄድበታለሁ። ከነሐሴ ወዲህ ሁለቱንም የፊት እግሮቹን እያሳጠረ ይረግጣል፣ ኮረኮንች ላይ ይደናቀፋል፣ ሣር ላይ ግን ደህና ነው። ስግሪያውም ተሰባብሯል። አንድ አዋቂ ‹ትከሻው ወልቋል፣ ይተኮስ› አሉኝ፤ ሌላው ‹ብረት ጫማ ይመታለት› አለ። ሰኮናውን በየ4 ወሩ እናስከረክማለን፤ እርምጃው እንዲረዝም ጫፉን ረዘም አድርገን እንተወዋለን። እንዳይሰነጠቅም የተቃጠለ ዘይት እቀባዋለሁ። በቀን 4 ኪሎ ፉርሽካና የጤፍ ጭድ ይበላል። የደረቱ ዙሪያ 152 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 142 ነው። እኔ 74 ኪሎ ነኝ፣ ኮርቻው 9 ኪሎ። በጥቅምት መጨረሻ ከጓደኞቼ ጋር በጫንጮ አድርገን ሙከጡሪ ልንሄድ ነው፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይተኮስ፣ ጫማ ይመታለት፣ ወይስ ሌላ መፍትሔ አለው?»

መልስ፦

ትከሻውን አያስተኩሱ። የጋለው ብረት ካረፈ በኋላ የሚመለስ ነገር ስለሌለ ነው ይህን ያስቀደምኩት። ትከሻው የወለቀ ፈረስ እግሩን መሬት ላይ ጥሎ መቆም እንኳ ያቅተዋል፤ 20 ኪሎ ሜትር ተሄዶበት በእግሩ አይመለስም። እርስዎ የነገሩን ደግሞ ስለ ሁለቱም የፊት እግሮች ነው፤ ሁለት ትከሻ በአንድ ጊዜ እኩል አይወልቅም። የተተኮሰ ፈረስ አንዳንዴ «ዳነ» የሚባለው ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ለሳምንታት ስለሚያርፍ ነው። ያሻለው ዕረፍቱ ነው፤ እሳቱ የጨመረለት ስቃይና ጠባሳ ብቻ ነው።

ትከሻውን ያዩት ሰው ግን ያዩት ነገር አለ። ሰኮናው ከኋላ በኩል የሚያመው ፈረስ ተረከዙን መሬት ላይ ማሳረፍ ስለሚፈራ እግሩን ሩቅ አይወረውርም፤ አጠር አድርጎ በጫፉ ያስቀምጠዋል። በዚህ ጊዜ ትከሻው የታሰረ ይመስላል። ወራት ሲያልፉ የትከሻው ሥጋ ጭምር ይሟሽሻል። ስለዚህ «ትከሻው ላይ ችግር ይታያል» ማለት እውነት ነው፤ «ችግሩ የመጣው ከትከሻው ነው» ማለት ግን ስሕተት ነው።

ከጻፉልን ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ኮረኮንች ላይ ብሶ ሣር ላይ መሻሉ ነው። ሰኮና ውስጥ ያለ ሕመም በደረቅና ድንጋያማ መሬት ይብሳል፤ የጅማት ሕመም ግን በአብዛኛው ተቃራኒው ነው፣ እግር በሚሰምጥበት ለስላሳ መሬት ይብሳል። ይህን ከመደናቀፉ፣ ከረዘመው ጫፍና ካለፈው ክረምት ጋር ሳገናኘው የምጠረጥረው የሁለቱንም የፊት ሰኮናዎች የኋላ ክፍል ነው። ይህን እርስዎ ራስዎ ያለ ልዩ መሣሪያ በአንድ ጠዋት ሊያረጋግጡት ይችላሉ።

መጀመሪያ ግን ስለ ስግሪያው። በስግሪያ በአንድ ወገን ያሉት የፊትና የኋላ እግሮች ተከታትለው ይሄዳሉ፤ ሁልጊዜም ቢያንስ አንድ እግር መሬት ላይ ነው። ጋላቢው የማይንገጫገጨውም፣ ሰኮናው ላይ የሚያርፈው ምት የሚቀንሰውም በዚህ ነው። ነገር ግን ይኸው ምቾት ማነከስን ይደብቃል። በሶምሶማ አንዱ የፊት እግር ሲያምም፣ ያ እግር መሬት በነካ ቁጥር ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ሰጋር ፈረስ ላይ ይህ ንቅናቄ እምብዛም አይታይም። ሁለቱም እግሮች እኩል ካመሙ ደግሞ በሶምሶማም ቢሆን ራሱን አያነሣም፤ እርምጃው ያጥራል እንጂ። «አያነክስም፣ ሰነፈ እንጂ» የሚባሉት ፈረሶች ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያሉት ናቸው። ስግሪያው የተሰባበረውም ፈረሱ ሕመም የሚቀንስለትን አረጋገጥ ሲፈልግ ቅደም ተከተሉን ስለሚያዛባ ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ኮርቻ ሳይጫን፣ ገመዱን ላላ አድርጎ የሚስብ ሰው ይያዙ። አቧራ የለበሰ ጠንካራ ፒስታ ላይ 30 ወይም 40 ሜትር በዝግታ ያስኪዱትና ከግራ የፊት እግሩ አሻራ እስከሚቀጥለው የግራ የፊት እግር አሻራ ድረስ በሜትር ይለኩ። አምስት እርምጃ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ከዚያ ያንኑ እርጥበቱ ባልጠፋ ለስላሳ አፈር ላይ ይድገሙት። ጤነኛ ፈረስ በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አያሳይም፤ የእርስዎ ግን ፒስታው ላይ እንደሚያሳጥር እገምታለሁ። ቀጥሎ ስልክዎን መሬት ላይ ከሰኮናው እኩል አድርገው ከጎን ይቅረጹትና ቪዲዮውን አዘግይተው ይመልከቱ። ሰኮናው በተረከዙ ወይም ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ማረፍ አለበት። ጫፉ ቀድሞ አቧራ ካስነሣ ተረከዙ እያመመው ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻም በጠንካራ መሬት ላይ በትንሽ ክብ በግራም በቀኝም ያዙሩት፤ የሰኮና ሕመም ብዙውን ጊዜ በክቡ ውስጠኛ በኩል ባለው እግር ይገንናል። ወደ ግራ ሲዞር በግራ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር በቀኝ ካነከሰ፣ ሁለቱም እንደሚያሙት ጥርጥር አይኑርዎት።

አሁን እግሩን አንሥተው ሥሩን ይዩ። መሃል ላይ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን፣ እንደ ጎማ ያለ ክፍል «ትራስ» ይባል። ተረከዝ ሲያርፍ ምቱን ከሚቀበሉት አንዱ እሱ ነው፤ ሰፊ፣ ጠንካራና ሽታ የሌለው መሆን አለበት። ከኋላው መሃል ላይ ያለችው ስንጥቅ አውራ ጣት የሚያሳርፍ ሰፊና ጥልቀት የሌላት ጎድጓዳ መሆን ሲገባት፣ ጠባብና ጥልቅ ከሆነች፣ በእንጨት ጫፍ ሲነኳት ፈረሱ እግሩን ከነጠቀ፣ ጥቁር የሚሸት ነገር ከወጣ፣ ትራሱ በስብሷል። ቀጥሎ ከትራሱ ጫፍ ፊት ያለውን የሰኮና ወለል በሁለት አውራ ጣት አጥብቀው ይጫኑት። ከተጎነበሰ ወለሉ ስስ ነው፤ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር፣ ቢቻል 15 ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ ያን ያህል ያለውን ደግሞ ጣት አያጎብጠውም። ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ ግራና ቀኝ ያለውን የደም ምትም ይዳስሱ። በጤነኛ እግር ፈልገው የሚያገኙት ስስ ምት ነው፤ ጣት የሚገፋ ኃይለኛ ምት ከሆነ ሰኮናው ውስጥ ብግነት አለ።

ይህ እንዴት መጣ? ክረምቱ አንዱ መነሻ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር መረሬ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ውኃ ያቁራል። ሰኮና ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ወለሉ ይዘረጋል፣ ትራሱ ውስጥ አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። በሽንትና በፋንድያ የራሰ ጋጣ ከሜዳው ይብሳል። ያ የለሰለሰ ሰኮና መስከረም ላይ ሜዳው ሳይደርቅ ኮረኮንችና ኮብልስቶን ሲገጥመው ይቀጠቀጣል። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ፈረሶች የሚያነክሱት በአብዛኛው በዚህ ነው።

ሁለተኛው መነሻ አከራከሙ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ፈረስዎን የሚያድነውም የሚያጠፋውም ይህ ነው። የፈረስ ሰኮና በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያድጋል። 8 ብለን ብንወስድ በ4 ወር ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። መሬቱ የተወሰነውን ይበላዋል፤ በክረምት ጭቃ ግን የሚበላው ጥቂት ነው። ሰኮና ደግሞ የሚያድገው ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትም ነው። ጫፉ በሸሸ ቁጥር ተረከዙን ተከትሎ ይጎትተዋል፤ ተረከዙ ተጋድሞ ከእግሩ ሥር ይሸሽና ክብደቱ የሚያርፍበት አጥቶ ትራሱንና ከኋላ ያለውን ሥጋ ይጫናል።

«ጫፉ ሲረዝም እርምጃው ይረዝማል» የሚለው እምነት ከዚህ የተነሣ ፍጹም የተገለበጠ ነው። ፈረስ እግሩን ሲያነሣ መጀመሪያ ተረከዙ ይነሣል፤ ከዚያ በጫፉ ላይ ተንከባሎ ይለቃል። የረዘመ ጫፍ እንደ ረጅም ማንሻ ሆኖ ያን መንከባለል ያዘገየዋል። በዚያች ቅጽበት ከእግሩ ጀርባ ወርዶ ሰኮናው ውስጥ የሚገባው ወፍራም ጅማት ይወጠራል፤ ጅማቱ የሚያልፍባት ከሰኮናው የኋላ ክፍል ያለች ትንሽ የጀልባ ቅርጽ ያላት አጥንት ትጫናለች። እግሩ ዘግይቶ ስለሚነሣ ጫፉ ጠጠር ይመታል፤ መደናቀፉ ይኸው ነው። በ30 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ እያንዳንዱ እግር በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እንዲህ ይወጠራል። እርምጃን የሚያረዝመው የማያመው ተረከዝ ነው።

አከራከሙን የሚሠራልዎት ሰው መሮና መዶሻ ወይም ማጭድ የሚጠቀም ከሆነ ይተውት። የሚያስፈልገው የሰኮና ጉጠት፣ የሰኮና ቢላና ረጅም ሞረድ ነው። እግሩ ታጥቦ ይድረቅ። በቅድሚያ የሚነቀለው ተንጠልጣይ የበሰበሰ የትራስ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ጤነኛውን ትራስ «ለማሳመር» መቅረፍ ትልቅ ጥፋት ነው። ወለሉም በጭራሽ አይቀረፍ፤ ስስ ወለል ያለው ፈረስ ያለችውን ጋሻ መንጠቅ ነው። ከዚያ የሰኮናው ወለል ከሁሉ የሚሰፋበት ቦታ ላይ በማርከር አግድም መስመር ይሰመር። ከዚያ መስመር እስከ ጫፉና ከመስመሩ እስከ ተረከዞቹ ያለው ርቀት ተቀራራቢ መሆን አለበት። በእርስዎ ፈረስ የፊቱ ከኋላው በግልጽ ይረዝማል ብዬ እጠብቃለሁ። ትርፉ የሚነሣው ከወለሉ በኩል ሳይሆን ከፊት ነው፦ ሞረዱ ከጫፉ ውጫዊ ጠርዝ ላይ 45 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ይሞረድና ጠርዙ ይክበብ።

ተረከዙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ተረከዙ ዝቅ ብሏል፣ ስለዚህ አይነካ» ይባላል። ተረከዙ ዝቅ ያለው አጥሮ ሳይሆን ተጋድሞ ነው። የተጋደመው ሲተው ይበልጥ ወደ ፊት ይሸሻል። ስለዚህ የተጣጠፈው የተረከዙ ጫፍ ቀስ እየተባለ ትራሱ ከኋላ ወደሚሰፋበት ቦታ ይመለሳል፤ በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር በላይ ግን አይነሣም፣ ምክንያቱም የታመመው ቦታ እሱ ነው። የአራት ወሩን ጥፋት በአንድ ቀን ላርመው የሚል ሰው ፈረሱን ያንበረክካል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጊዜያት በየ3 ሳምንቱ፣ ከዚያ በየ5 ሳምንቱ ይከርከም፤ ከ6 ሳምንት አይለፍ። ከእያንዳንዱ አከራከም በፊትና በኋላ ከጎን ፎቶ ያንሡ፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለው እግርና የሰኮናው ፊት አንድ ቀጥ ያለ መስመር እየሆኑ መምጣት አለባቸው። ተረከዙ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ቀንድ፣ ማለትም በአዲስ ጠንካራ የሰኮና ልባስ፣ ለመተካት ከ4 እስከ 6 ወር፣ ጫፉ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጅበታል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር መድኃኒት የለም።

የተቃጠለውን ዘይት ዛሬውኑ ይተዉት። ቆዳን የሚጎዱ ቆሻሻዎች አሉበት፤ ከዚያም በላይ በትራሱ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን እርጥበት አፍኖ ይይዘዋል፣ አየር የማይወዱት ባክቴሪያዎች የሚፈልጉትም ይኸንኑ ነው። ስንጥቅ የሚመጣውም በአብዛኛው ከቅባት ማነስ ሳይሆን ከረዘመ የሰኮና ግድግዳ ነው፤ በወቅቱ የተከረከመ ሰኮና ቅባት ሳያስፈልገው እምብዛም አይሰነጠቅም።

የበሰበሰውን ትራስ ለማከም ጠዋት ጠዋት በብሩሽና በውኃ አጥበው በጨርቅ ያድርቁት። ቢታዲን ተብሎ የሚሸጠውን 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ንጹሕ ውኃ ይበጥብጡ። ቀጭን የፋሻ ቁራጭ በዚህ ነክረው ወደ መሃሉ ስንጥቅ ሳይጨናነቅ ያስገቡ፤ በማግሥቱ አውጥተው ይለውጡ። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ ስንጥቁ ሰፍቶ ጥልቀቱ እስኪጠፋ በሳምንት ሦስት ጊዜ። በረኪናና ፎርማሊን አይንኩት፤ ባክቴሪያውን ሲገድሉ አዲሱን ሥጋም ይገድሉታል። ጋጣው ካልደረቀ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ፈረሱ የሚቆምበት ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሚሆን ቦታ ወደ አንድ ወገን ዘቅዘቅ አድርገው በጠጠርና በደረቅ አሸዋ ይሙሉ፤ ፋንድያው በቀን ሁለት ጊዜ ይነሣ።

ወደ መኖው ስመጣ፣ 4 ኪሎ ፉርሽካ ያሳስበኛል። የስንዴ ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ወደ አሥር እጥፍ ይደርሳል። አራቱ ኪሎ 40 ግራም ገደማ ፎስፈረስና 4 ወይም 5 ግራም ካልሲየም ይሰጣል፤ የእርስዎን ለሚያክል ፈረስ ለቆመበት ብቻ በቀን ወደ 11 ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል። ጭዱ ትንሽ ቢጨምርም ሚዛኑ እንደተገለበጠ ይቀራል። ፎስፈረስ ሲበዛ ሰውነቱ ካልሲየሙን ከአጥንቱ ይስባል፤ ወራት ሲቆይ ፈረሱ ዛሬ በዚህ ነገ በዚያ እግር ያነክሳል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ሲብስ የፊቱ አጥንት ያብጣል። ፈረስዎ ወደዚያ ደርሷል አልልም፤ ግን መንገዱ ላይ ነው። ፉርሽካውን በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 1 ኪሎ ያውርዱት፤ በምትኩ ጥሩ ድርቆሽና ካገኙ አልፋልፋ ይጨምሩ። ጭዱን ጨምሮ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበቃዋል። ለመኖ ተብሎ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 30 ግራም በቀን ከፉርሽካው ጋር ይለውሱለት። ለቤት ቀለም የሚሸጠው ኖራ ሌላ ነገር ነው፤ አፍና ጨጓራ ያቃጥላል። ለሰኮና ስለሚሸጠው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን ቢጠየቅ፣ ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን ውጤቱ የሚታየው ከላይ በሚያድገው አዲስ ቀንድ ላይ ብቻ ስለሆነ ወራት ይፈጃል። በወቅቱ ያልተከረከመ ሰኮና ላይ ገንዘብ ማባከን ነው።

የደረቱን ዙሪያና ርዝመቱን ስለነገሩን አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ይህን አይለካም። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዝተን፣ ያንን በርዝመቱ አባዝተን ለ11,880 ስናካፍለው ፈረስዎ ወደ 276 ኪሎ ይመዝናል። በሰፊው የሚሠራበት ገደብ ፈረስ ከነኮርቻው ከክብደቱ 20 በመቶ በላይ እንዳይሸከም ነው፤ ይህ ለእርስዎ ፈረስ 55 ኪሎ ነው። እርስዎ ከነኮርቻዎ 83 ኪሎ ነዎት፣ ይኸውም 30 በመቶ። የአገራችን ፈረስ ጠንካራ ነው፤ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተወልዶ ስላደገ ትንፋሹም የሚያስደንቅ ነው። ሰኮናና ጅማት ግን በልብ ጥንካሬ አይካሱም። ከፈረሱ የራሱ ክብደት 60 በመቶ ያህሉ የሚያርፈው በፊት እግሮቹ ላይ ነው፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ይጨምራል። ለአጭር መንገድና ለዝግታ ጉዞ ፈረሱ ይታገስዎታል። ለ50 ኪሎ ሜትር ግን ይህ ፈረስ ከነሕመሙም፣ ድኖም ቢሆን፣ ለእርስዎ ብቻውን አይበቃም።

ብረት ጫማውን በተመለከተ፣ አሁን አይምቱለት። ከክረምት የወጣ ለስላሳ ቀንድ ሚስማር በደንብ አይዝም። ብረቱ ትራሱን ከመሬት ከፍ ስለሚያደርገው ለመዳን የሚያስፈልገውን መንቀሳቀስ ያጣል፤ ረዥሙ ጫፍ ሳይስተካከል ከተመታ ደግሞ ስሕተቱን በብረት አስሮ ማስቀመጥ ይሆናል። ሌላም አደጋ አለ። ትክክለኛው የፈረስ ጫማ ሚስማር ጫፉ በአንድ ወገን የተሳለ ስለሆነ ሲመታ ወደ ውጭ ይታጠፋል። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የተገዛ ሚስማር ይህ ስለት የለውም፤ ቀጥ ብሎ ወይም ወደ ውስጥ ሄዶ ሕያው ሥጋ ይወጋል። ከፌሮ የተቀጠቀጠ ጫማና የግንባታ ሚስማር ይዞ የመጣን ሰው በትሕትና ይመልሱት። ወደፊት ጫማ ካስፈለገ ሚስማሩ የሰኮናው ግድግዳና ወለል ከሚጋጠሙበት ነጭ መስመር ውጭ፣ ሰኮናው ከሚሰፋበት ቦታም ሳያልፍ ወደ ፊት በኩል ብቻ ይመታ፤ ጫማው ተረከዙን ከኋላ ደግፎ ይያዝ፤ በየ5 ወይም 6 ሳምንቱ ወልቆ ሰኮናው ይከርከም። ከዚህ የሚሻለው ለመንገድ ብቻ የሚለበስ የጎማ ቦት ነው፤ ከጉዞ በኋላ ይወልቃል፣ ትራሱም ይተነፍሳል። ከውጭ ስለሚመጣ ማግኘቱ ቀላል አይደለም። የሚያመጣልዎት ሰው ካለ የሰኮናውን ስፋትና ርዝመት በአዲስ አከራከም ማግሥት በሚሊ ሜትር ለክተው ይስጡት፤ በአሮጌው ሰኮና የተለካ ቦት እየዞረ ተረከዙን ይልጣል።

እስካሁን ያልኩት የሚሠራው ሕመሙ እኔ የጠረጠርኩት ከሆነ ነው። የሚከተሉትን ካዩ ግን መከርከሙን ትተው ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ። ፈረሱ በአንድ ሌሊት እግሩን መሬት ማስነካት ካቃተው፣ ሰኮናው ከሞቀና የደም ምቱ ከገፋ፣ ሰኮናው ውስጥ መግል ሳይቋጠር አይቀርም፤ ሐኪም ከፍቶ ያፍስሰው፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱም ይታይ። ገብስ ወይም አተላ ጋን አግኝቶ ከጠገበ በኋላ ሁለቱን የፊት እግሮች ወደ ፊት ዘርግቶ ወደ ኋላ ተደግፎ ከቆመ የሰኮናው ውስጠኛ ሥጋ በብግነት ተይዟል፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። እግሩ ላይ ተሰልፈው የሚያብጡና የሚፈነዱ ትናንሽ እባጮች ካሉ ኤፒዞቲክ ሊምፋንጃይተስ የተባለው የፈንገስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ኮርቻውንና ልጓሙን ለሌላ ፈረስ አያውሱ። ከእግሩ ጀርባ ያለው ጅማት ካበጠና ከሞቀ ደግሞ ለሳምንታት እንኳን መጋለብ መጫንም የለበትም።

ከሁሉም በላይ ማስታገሻ ወግተው አይጋልቡት። ሕመሙ ሲደበቅ ፈረሱ የተጎዳውን እግር እንደ ጤነኛ ይረግጠዋል፤ በረጅም መንገድ ውኃ ባጠረው ሰውነት ላይ መድኃኒቱ ጨጓራና ኩላሊትንም ይጎዳል።

የጥቅምቱን ጉዞ ይተዉት። ይህ ምክር የሚቀያየር አይደለም። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1978 በሥሩ ባስገባው የርቀት ግልቢያ ውድድር ውስጥ ፈረሶች በየምዕራፉ በሐኪም ፊት 40 ሜትር በሶምሶማ ሄደው ይመለሳሉ፤ አረጋገጡ የተዛባ ፈረስ የልብ ምቱ ምንም ያህል ቢረጋጋ ወዲያውኑ ከውድድር ይወጣል። ፈረሶች ከውድድር ከሚወጡባቸው ምክንያቶች ቀዳሚውም ይኸው ነው። የእርስዎ ፈረስ ገና ከቤት ሳይወጣ በዚህ መለኪያ ወድቋል።

በምትኩ ይህን ያድርጉ። ከነገ ጀምሮ አራት ሳምንት ኮርቻ አይጫን፤ በየቀኑ በእጅ እየሳቡ 15 ደቂቃ፣ መጀመሪያ ሣር ላይ፣ በሁለተኛው ሳምንት ለስላሳ ፒስታ ላይ ያስኪዱት። ኅዳርና ታኅሣሥ መሬቱም ሰኮናውም ስለሚደርቁ የዓመቱ ምርጥ የማጠንከሪያ ጊዜ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ የአሻራ ልኬትና ቪዲዮ ይድገሙ። የፒስታውና የለስላሳው አፈር እርምጃ እኩል ሲሆን፣ ተረከዙ ቀድሞ ሲያርፍና የትራሱ ስንጥቅ ሲደርቅ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት 5 ኪሎ ሜትር በመጋለብ ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ ከ10 በመቶ በላይ አይጨምሩ። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይጠነክራሉ፤ ጅማት ወራት ይፈልጋል፣ አጥንትና ሰኮና ከዚያም በላይ። ቁልቁለት ሁሉ ላይ ወርደው አጠገቡ ይሂዱ፤ በርቀት ግልቢያ የታወቁ ጋላቢዎች የሚያደርጉት ስለሆነ ነውር የለበትም። የሙከጡሪን መንገድ በዚህ ፈረስ ማየት ከፈለጉ በሚቀጥለው ዓመት ከእርስዎ የቀለለ ጋላቢ ይዞት፣ ወይም እርስዎ ግማሹን መንገድ በእግርዎ ሄደው ይሁን።

ስምንት ሳምንት አልፎ ለውጥ ካላዩ፣ ወይም ሕመሙ ወደ አንድ እግር ካዘነበለ፣ ሐኪሙ በማደንዘዣ እንዲፈትነው ይጠይቁ። ከሰኮናው በላይ ባሉት ሁለት ነርቮች ላይ ጥቂት ማደንዘዣ ይወጋና ከ10 ደቂቃ በኋላ ፈረሱ ይራመዳል። ቀኙ ሲደነዝዝ በግራው ማነከስ ከጀመረ ሕመሙ በሁለቱም ሰኮናዎች የኋላ ክፍል መሆኑ ይረጋገጣል፤ ምንም ካልተለወጠ ፍለጋው ወደ ላይ ይቀጥላል፣ ያኔ ትከሻውም ይመረመራል። ከዚያ የሚቀጥለው ራጅ ነው። ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ። ሲሄዱም ፈረሱን በእግሩ ሳይሆን ጭድ በተነጠፈበት አይሱዙ ይውሰዱት፤ የአከራከሙን ፎቶዎች፣ የአሻራ ልኬቱንና የመኖውን ዝርዝር ይዘው ይሂዱ።